የሥራ ልብስ ስትሥሉ የለባሹ ኑሮ እንዲታይ፦ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

«ቱታውን በደንብ ሥዬዋለሁ፣ እጥፋቱም ልክ ነው፤ ግን ሱቅ ውስጥ የተሰቀለ አዲስ ልብስ ይመስላል። ምን ላድርግ?» ይህ ጥያቄ ሥዕል ከሚለማመዱ ሰዎች ደጋግሞ ይደርሰናል። አንዳንዱ ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣል፦ «ያረጀ እንዲመስል ብዬ አጠቆርኩት፤ አሁን የቆሸሸ አዲስ ልብስ ሆነብኝ።» የሁለቱም መልስ አንድ ነው። የሥራ ልብስ እኩል አያረጅም። የሚነትበው፣ የሚቆሽሸውና የሚቀደደው ሥራው በሚነካው ቦታ ነው፤ ሌላው ቦታ ከሞላ ጎደል እንደነበረ ይቀራል። ሥዕሉ ላይ የሠራተኛው ቀን የሚታየው ምልክቱ በበዛ ቁጥር ሳይሆን በትክክለኛ ቦታው ሲቀመጥ ነው።

መመሪያው ለእርሳስ ሥዕል የተዘጋጀ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ጃኬት ወይም ሱሪ ብቻ ያዙ፤ ሙሉ ቱታ ለሚቀጥለው ይቆይ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ያገለገለ የሥራ ልብስ፣ ሳይታጠብና ሳይተኮስ። ጥቂት ቀን ብቻ የተለበሰ ልብስ እድፍ እንጂ መንተብ አይታይበትም፤ ስለዚህ ወራት የተሠራበትን ፈልጉ።
- ኤ3 ወረቀት (29.7 በ42 ሴ.ሜ)፣ ክብደቱ በካሬ ሜትር ከ160 እስከ 200 ግራም፣ ገጹ በመጠኑ ሻካራ። በጣም ለስላሳ ወረቀት የጨርቅን ሽመና አያሳይም፤ ቀጭን ወረቀት ደግሞ ላጲስ ሲደጋገምበት ይላጣል።
- ኤችቢ፣ 2ቢ፣ 4ቢ እና 6ቢ እርሳስ (ከኤችቢ ወደ 6ቢ በሄዳችሁ ቁጥር እርሳሱ እየለሰለሰና እየጠቆረ ይሄዳል)።
- ሁለት ዓይነት ላጲስ፦ በእጅ እንደፈለጉ የሚለወስ ለስላሳ ላጲስ እና ጠርዙ በምላጭ የተሳለ ጠንካራ ላጲስ።
- አንገቱ የሚታጠፍ አንድ መብራት።
- መስቀያ፣ ወንበር፣ የልብስ ሰፊ ሜትር።
- ማጉያ መነጽር። ስፌትና የተጣፈ ቦታ ለማየት በጣም ይረዳል።
- ከእጃችሁ ሥር የምታደርጉት ንጹሕ ወረቀት፣ እንዲሁም ለማስታወሻ የሚሆኑ ሁለት ሦስት ኤ4 ወረቀቶች።
- ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ።

ከመጀመራችሁ በፊት ጥንቃቄ

የግንባታ ልብስ አታራግፉ። ሲሚንቶ እርጥበት ሲያገኝ ቆዳ የሚያቃጥል አልካሊ ነው፤ ከድንጋይና ከኮንክሪት ቆረጣ የሚመጣው ደቃቅ የሲሊካ አቧራም ሳንባ ይጎዳል። ልብሱን በጓንት ያዙ፣ ቀስ ብላችሁ ስቀሉ፣ ሥዕሉን ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ። የፀረ ተባይ መርጫ የነካውን ወይም ከአስቤስቶስ ጋር የተሠራበትን ልብስ ጨርሶ ወደ ክፍላችሁ አታስገቡ፤ ከፎቶግራፍ ሣሉ።

የእንጨት ማስዋቢያ ዘይት፣ በተለይ የተልባ ዘይት፣ የጠጣ ጨርቅ ተከምሮ ሲቀመጥ ራሱን አሙቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። እንዲህ ያለውን ልብስ ዘርግታችሁ አየር በሚገኝበት ቦታ ስቀሉት እንጂ በፌስታል ቋጥራችሁ አትተዉት።

የለባሹን ፈቃድ ጠይቁ። ልብሱ ላይ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር ወይም የድርጅት አርማ ካለ ሥዕሉ ላይ ቦታውን ብቻ በባዶ አራት ማዕዘን አሳዩ። ሠራተኛው በሥዕሉ ምክንያት ከአሠሪው ጋር ነገር ውስጥ መግባት የለበትም።

ደረጃ 1፦ ሥራውን ጠይቁ

እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት ለባሹን፣ እሱ ካልተገኘ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሰው እነዚህን ጠይቁ፦

- ዋናው እጅ ቀኝ ነው ግራ?
- ቀኑ የሚያልፈው በመቆም፣ በመንበርከክ፣ በማጎንበስ ነው ወይስ በመቀመጥ?
- ምን ይሸከማል? በየትኛው ትከሻ?
- የትኛው መሣሪያ የትኛው ኪስ ውስጥ ይገባል?
- እጁ ሲቆሽሽ የት ይጠርገዋል?
- ልብሱ በየስንት ቀኑ ይታጠባል? ማን ይጠግነዋል?
- ከእሱ በፊት ሌላ ሰው ለብሶት ያውቃል?
- መጀመሪያ የሚቀደደው የት ነው?

ጊዜ ከሌላችሁ የመጨረሻውን ብቻ ጠይቁ። ሠራተኛው ሳያስብ ቦታውን በእጁ ያሳያችኋል፤ ያ ቦታ የሥዕላችሁ ማዕከል ነው።

ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው ምልክት ምክንያቱ ካልታወቀ በትክክል ስለማይሣል ነው። ዓይን የሚያየው «ጥቁር ነገር» ብቻ ነው። ምክንያቱን ስታውቁ ግን የት እንደሚጀምር፣ ወዴት እንደሚሄድና የት እንደሚያቆም ታውቃላችሁ።

ደረጃ 2፦ በአግድም ብርሃን መርምሩ

ልብሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። የክፍሉን መብራት አጥፉና የያዛችሁትን መብራት ከጠረጴዛው ከፍታ ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጋችሁ፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያህል አዘንብላችሁ በጎን አብሩ። ከላይ የመጣ ብርሃን የሚደብቀውን ይህ ያወጣዋል፦ የሳሳ ጨርቅ ለጥ ብሎ ያብለጨልጫል፣ የተጣፈው ከፍ ይላል፣ የደረቀ ሲሚንቶ ወይም ቀለም ጥላ ይጥላል፣ ተፈትቶ የወጣ ስፌት የቀድሞ የመርፌ ቀዳዳዎቹን ያሳያል።

ኤ4 ወረቀት ላይ የልብሱን ፊትና ጀርባ በቀላል መስመር ንደፉ፤ ምልክቶቹን በአራት ፊደል መዝግቡ፦ ለመንተብ «ን»፣ ለእድፍ «እ»፣ ለጥገና «ጥ»፣ ፀሐይ ላደበዘዘው «ፀ»። ኪሶቹንም ገልብጣችሁ እዩ። የኪስ ውስጥ ጨርቅ ላይ የሚገኘው መጋዝ ብናኝ፣ ዝገት ወይም የእርሳስ ስባሪ ከውጭ ስታዩ ያልገባችሁን ምልክት ሊያስረዳ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ልብሱ ፊቱን ወደ እናንተ ሲያዞር የለባሹ ቀኝ በእናንተ ግራ ነው። ማስታወሻው ላይ ሁልጊዜ «የለባሹ ቀኝ»፣ «የለባሹ ግራ» ብላችሁ ጻፉ፤ አለዚያ የቀኝ እጅ ሠራተኛ በወረቀታችሁ ላይ ግራኝ ሆኖ ይወጣል።

ደረጃ 3፦ አቀማመጥ ምረጡ

ሦስት ምርጫ አለ። ተለብሶ ሲሣል እንቅስቃሴውን ያሳያል፤ ሰው ግን ለረጅም ጊዜ ቆሞ አይጠብቃችሁም፣ የመንተቡም ዝርዝር በእጥፋት ይሸፈናል። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሲሣል ዝርዝሩ ሁሉ ይታያል፣ የሰውነቱ ቅርጽ ግን ይጠፋል። ለጀማሪ የምንመክረው መስቀያ ላይ ወይም ወንበር መደገፊያ ላይ አንጠልጥሎ መሣል ነው። ብዙ የተለበሰ ልብስ የክርኑን እጥፋትና የጉልበቱን እብጠት ይዞ ስለሚቀር፣ ሰው ባይኖርበትም የሰውየው ቁመና ይታያል።

ከሰቀላችሁት በኋላ አታስተካክሉት። ኮሌታውን አትጎትቱ፣ የተጠቀለለውን እጅጌ አትፍቱ፣ የተከፈተውን ቁልፍ አትቆልፉ። እጅጌው ስንት ጊዜ ወደ ላይ እንደተጠቀለለ ራሱ የሥራው ምልክት ነው።

መብራቱን አሁን ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ፣ ከግራ ወይም ከቀኝ፣ በ45 ዲግሪ አድርጉ። በቀኝ እጅ የምትሥሉ ከሆነ ከግራ ይምጣ፤ የእጃችሁ ጥላ ወረቀቱ ላይ አያርፍም። ከአንድ በላይ መብራት አትጠቀሙ፤ የሁለት መብራት ጥላ እርስ በርሱ ይጠፋፋና እጥፋቱ ጠፍጣፋ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ ለክታችሁ መጥኑ

ጃኬት ከሆነ አንድ ሦስተኛ፣ ሱሪና ሙሉ ቱታ ከሆነ አንድ አራተኛ መጠን ለኤ3 ይበቃል። 75 ሴ.ሜ የሆነ ጃኬት 25 ሴ.ሜ ይሆናል፤ ከትከሻ እስከ እግር ጫፍ 150 ሴ.ሜ የሆነ ቱታ ደግሞ 37.5 ሴ.ሜ። ከዚህ ካነሰ የስፌቱን ዝርዝር ለመሣል የእርሳስ ጫፍ አይበቃም።

ስድስት ልክ ውሰዱ፦ ጠቅላላ ርዝመት፣ የትከሻ ስፋት፣ የወገብ ስፋት፣ የእጅጌ ርዝመት፣ የኪሱ አፍ ከትከሻ ወይም ከወገብ የሚርቀው፣ እና የክርኑ ወይም የጉልበቱ እብጠት ያለበት ከፍታ። የመጨረሻው ትልቅ ነገር ይናገራል። ፋብሪካው ጉልበት ብሎ ያጠናከረው ቦታና በትክክል ያበጠው ቦታ ካልተገጣጠሙ ልብሱ በለባሹ ልክ አልተሰፋም ማለት ነው፤ በልኩ የማይሰፋለት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚለብሰው የተሰጠውን ወይም የተረፈውን ነው። ልዩነቱ 4 ሴ.ሜ ቢሆን እንኳ አታርሙት።

ደረጃ 5፦ የውጭ መስመርና ስፌት

በኤችቢ እርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ መጀመሪያ ልብሱን የተሸከሙትን ነጥቦች አስቀምጡ፦ ሁለቱን ትከሻዎች፣ ወገብ፣ የእጅጌና የእግር ጫፎች። ከዚያ የውጭውን መስመር አያይዙ። መስመሩ እኩል ውፍረት አይኑረው፤ ጨርቁ በተወጠረበት ቀጥና ቀጠን፣ በላላበት ጎበጥና ወፈር ይበል።

ቀጥሎ ዋና ዋና ስፌቶችን አስገቡ። የሥራ ልብስ ስፌት አብዛኛውን ጊዜ ድርብ ነው፤ ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ከ6 እስከ 8 ሚ.ሜ ተራርቀው ይሄዳሉ። በአንድ አራተኛ መጠን ይህ ከ2 ሚ.ሜ አይበልጥም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ጥልፍ አትቁጠሩ። ሁለቱን መስመሮች በጣም ቀላል አድርጋችሁ ሣሉና ብርሃን በሚያርፍበት ቦታ ብቻ በየመሃሉ ቆራርጡት። ሲታጠብ ክሩና ጨርቁ እኩል ስለማይኮማተሩ በስፌቱ ዳር ትናንሽ ጭምድዶች ይፈጠራሉ። እነዚህን ጭምድዶች በየ3 እና 4 ሚ.ሜ፣ ርቀታቸውን እያዘባረቃችሁ፣ በአጫጭር ጥላ ካሳያችሁ ልብሱ ብዙ ጊዜ የታጠበ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

ደረጃ 6፦ ሁለቱን እጥፋቶች ለዩ

አንደኛው አሁን በመሰቀሉ የተፈጠረ እጥፋት ነው፤ ነካ ስታደርጉት ይጠፋል። ሁለተኛው በሥራ ብዛት የተቀመጠ እጥፋት ነው፤ ጨርቁን በእጃችሁ ብትዳብሱትም ተመልሶ ይመጣል። የመጀመሪያውን በ2ቢ ለስለስ ባለ ጥላ አሳዩ። ሁለተኛው ግን ቀጭንና ጥርት ያለ መስመር ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ጨርቁ እዚያ ላይ ደጋግሞ በመታጠፉ ጫፉ ነጥቷል ወይም ተሰባብሯል።

የተቀመጠ እጥፋት የሚገኝባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፦ የክርን ውስጠኛ ጎን፣ ከጉልበት ጀርባ፣ ከብሽሽት ወደ ጭን እንደ ጨረር የሚወጡት መስመሮች፣ ብብት፣ እና የእጅጌ ጥቅል። ከጉልበት ጀርባ ያሉት እንደ ማር እንጀራ ተጋጥመው የሚቀመጡ ማዕዘኖች ናቸው፤ ብዙ የሚንበረከክ ወይም የሚቀመጥ ሰው ሱሪ ላይ ይጎላሉ፣ ቆሞ በሚውል ሰው ሱሪ ላይ ግን ደብዛዛ ናቸው።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ልትሰጡ የሚገባው ለእጅጌው ነው እንላለን። ኪስ፣ ጉልበትና ኮሌታ ቶሎ ዓይን ይስባሉ፤ ሁለቱ እጅጌዎች ግን ጎን ለጎን ሲታዩ ዋናው እጅ የቱ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚታጠፍና ከምን ጋር እንደሚፈተግ በአንድ ጊዜ ይነግሯችኋል። ሁለቱን ተመሳሳይ አድርጋችሁ ከሣላችሁ ሥራው ጠፋ ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ መንተብን ሣሉ

እድፉን ለጊዜው እርሱትና መጀመሪያ የነተበውን ሥሩ። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው፤ እድፍ ከነተበ ጨርቅ ላይ የሚያርፈው ካልነተበው በተለየ መንገድ ነው።

ጂንስ ከሆነ አወቃቀሩን ዕወቁ። የጂንስ ድር (ወደ ቁመቱ የሚሄደው ክር) በሰማያዊ የተነከረ ሲሆን ማጉ (አግድም የሚሄደው ክር) ነጭ ነው። ቀለሙም የድሩን ክር ከላይ ከላይ ይሸፍነዋል እንጂ እስከ ውስጡ አይዘልቅም። ስለዚህ ሲፈተግ መጀመሪያ ነጣ ይላል፣ ቀጥሎ ድሩ ይበጠሳል፣ በመጨረሻ ነጩ ማግ ብቻውን አግድም ተዘርግቶ ይቀራል። ጉልበት ላይ የሚታየው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ባዶ ቀዳዳ ያልሆነው ለዚህ ነው፤ በመሃሉ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄዱ ነጭ ክሮች አሉበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ቦታውን በሙሉ በ2ቢ፣ ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ በሚያዘነብል ጭረት ሙሉ። የአብዛኛው ጂንስ ሽመና የሚያዘነብለው እንዲህ ነው።
2. የሚለወሰውን ላጲስ ጫፉን አሹላችሁ ከፍ ያለውን ቦታ ብቻ ንኩ፤ አትፈትጉ። ጉልበት ላይ መሃሉ በጣም ይነጣል፤ ዳሩ ቀስ እያለ ወደ ሰማያዊው ይመለሳል።
3. ቀዳዳውን በ6ቢ አጥቁሩ፤ ከዚያ በተሳለው ጠንካራ ላጲስ አግድም ቀጫጭን ነጭ መስመሮችን አውጡ። ሁለት ሦስቱ ይበጠሱ፣ አንዱ ወደ ታች ይንጠልጠል።
4. የቀዳዳውን ዳር በመስመር አትክበቡት። ዳሩ ክር ክር ያለ ነው፤ በአጫጭር ጭረት ብቻ አሳዩት።

ሸራና ወፍራም ጥጥ ከሆነ ነጭ አይወጣም፤ ጨርቁ ይሳሳል፣ ይለሰልሳል፣ ድርና ማጉ እንደ መረብ ይታያል። እዚህ ጭረቱ በአራት ማዕዘን ይሁን። ፖሊስተር የበዛበት ጨርቅ ደግሞ ሳይነትብ በፊት ያብለጨልጫል፤ በተለይ መቀመጫና ክርን ላይ። ይህን ለማሳየት ቦታውን መካከለኛ ግራጫ አድርጉና በላጲስ ጠባብ ብሩህ ቦታ ክፈቱ።

ጠርዞችን አትርሱ። የኮሌታ እጥፋት፣ የእጅጌ ጫፍና የኪስ አፍ ላይ መንተቡ የሚጀምረው ከጨርቁ ገጽ ሳይሆን ከታጠፈው ጫፍ ነው። ጫፉ ላይ በተሳለ ላጲስ አንድ የተቆራረጠ ነጭ መስመር ይበቃል። የእግሩ ጫፍ መሬት የሚጎትት ከሆነ ከተረከዝ በኩል ብቻ ይተለተላል፤ ከፊት በኩል ደህና ነው።

ደረጃ 8፦ እድፉን በሥራው መሠረት አስቀምጡ

ዘይትና ግሪስ ጨርቁ ውስጥ ይሰርጋሉ። ስለዚህ መሃሉ ጥቁር፣ ዳሩ ደብዛዛ ነው፤ የጨርቁ ሽመና ግን ከሥሩ መታየቱን አያቆምም። በ4ቢ ከመሃል ወደ ውጭ እያቀለላችሁ ሣሉ፣ የውጭ መስመር አታድርጉ። የመካኒክ ቱታ ላይ ከሁሉ በላይ የሚጠቁረው የኪስ አፍ ነው፤ ዘይት የነካው እጅ መፍቻ ለማውጣት ደጋግሞ ስለሚገባ። ሁለተኛው ሞተር ላይ ሲያጎነብስ የመኪናው ጠርዝ የሚያርፍበት የሆድ አካባቢ ነው፤ እዚያ እድፉ ነጠብጣብ ሳይሆን አግድም ሰፊ መስመር ይሆናል። መኪና ሥር ተኝቶ የሚሠራ ከሆነ የጀርባውን ላይኛ ክፍልና ትከሻውን እዩ። መጥረጊያ ጨርቅ የኋላ ኪሱ ውስጥ የሚይዝ ከሆነም የኪሱ ጨርቅ ከውስጥ ወደ ውጭ ይጠቁራል።

ሲሚንቶ ተቃራኒው ነው፤ ላይ ላዩን ይጋገራል። ዳሩ ጥርት ያለ ነው፣ ጨርቁን ያቆረፍደዋል፣ በሚታጠፍበት ቦታ ላይም ይሰነጠቃል። ጥቁር ጨርቅ ላይ በላጲስ አውጡት፤ በታችኛው ጎኑ የፀጉር ያህል ጥላ ጨምሩበት። ብሎኬት የሚያነሳ ሰው ብሎኬቱን ከሆዱና ከክንዱ ጋር ስለሚያስጠጋው የእጅጌው ውስጠኛ ጎንና የሸሚዙ ሆድ ከሌላው ቀድመው ይነትባሉ። ሴራሚክ የሚያነጥፍ ደግሞ ጉልበቱ ብቻ ሳይሆን የጫማው አፍንጫም ይላጣል፤ ሲንበረከክ ጣቱን አጥፎ መሬት ላይ ስለሚያስደግፍ። ጉልበቱን የነተበ፣ ጫማውን ግን አዲስ አድርጎ መሣል ይህን ሥራ ለሚያውቅ ሰው ወዲያው ይጎላበታል።

ብየዳ። ፍንጣሪው ከፊት ስለሚመጣ ቀዳዳዎቹ በክንድ፣ በደረት፣ በጭን ፊትና በጫማ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ጀርባው ላይ የሉም። አንዱ ቀዳዳ ከ1 እስከ 3 ሚ.ሜ ነው፤ በአንድ አራተኛ መጠን የ4ቢ ጫፍ ንክኪ ማለት ነው። በተራ አታሰልፏቸው፤ እዚህ ሰባት፣ እዚያ ሁለት ይሁኑ። ጥጥ ሲቃጠል ጠርዙ ከስሎ ቡናማ ይሆናል፣ ሠራሽ ጨርቅ ግን ቀልጦ ጠርዙ ጠንካራ ጉብታ ይሠራል። የበያጅ ሱሪ እግር ጫፉ ወደ ውጭ አይታጠፍም፤ ፍንጣሪ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ስለሚያቃጥል። የታጠፈ ጫፍ ከሣላችሁ ስህተት ነው።

ቀለም ቀቢ ጣሪያ ከቀባ ነጠብጣቡ ትከሻና ኮፍያ ላይ ክብ ክብ ይሆናል። ግድግዳ ከቀባ ክንዱና የጭኑ ፊት ላይ ይበዛል። ከሁሉ የሚናገረው ግን ዋናው እጅ ባለበት በኩል ጭኑ ላይ ያለው ጥራጊ፣ ማለትም እጁን የጠረገበት ምልክት፣ ነው፤ የአራት ጣት ስፋት ያላቸው፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡ፣ ወደ ታች የሚሳሱ መስመሮች። ነጠብጣቡን ጥርት ባለ ዳር፣ ጥራጊውን በደረቅ ጭረት ሣሉ።

የተሸካሚ ልብስ ላይ አንደኛው ትከሻና ማጅራቱ ላይ ያለው ኮሌታ ይነትባል። ሁለቱንም ትከሻ እኩል አታንትቡ፤ አብዛኛው ሰው የለመደው አንድ ጎን አለው። አናጢ ከሆነ ሜትሩን የሚሰካበት የኪስ ጠርዝ በአንድ ነጥብ ላይ ይበላል፣ ሙጫ የነካው ቦታ ደርቆ ያብለጨልጫል፣ የመጋዝ ብናኝም በስፌቶች መሃል ይቀራል።

ፀሐይ ላይ የሚውል ሰው ልብስ ትከሻውና የጀርባው ላይኛ ክፍል ይደበዝዛል፤ ኮሌታው ሲነሳ ግን ከሥሩ የመጀመሪያው ቀለም በጥርት ያለ ድንበር ይታያል። የኪስ ክዳን ሥርና የቦርሳ ማንገቻ የሚያርፍበት ቦታም እንዲሁ። ሾፌር ከሆነ በመስኮት በኩል ያለው እጅጌ ብቻ ነው የሚደበዝዘው፣ መቀመጫው ያብለጨልጫል፣ የመኪናው የደህንነት ቀበቶ ምልክትም ደረቱን በሰያፍ ያቋርጠዋል።

ላብ ሲደርቅ ጨዉ የሚከማቸው በእርጥበቱ ዳር ነው። ስለዚህ የላብ ምልክት የተሞላ ጥላ ሳይሆን ወላዋይ ነጣ ያለ መስመር ነው፤ በሁለት ትከሻ መሃል፣ በብብት ዙሪያና በኮፍያ ጠርዝ ላይ ይገኛል። ልብሱ ሳይታጠብ ደጋግሞ ላብ ካገኘው መስመሮቹ አንዱ በሌላው ውስጥ ይቀመጣሉ። ስንት መስመር እንዳያችሁ ያንኑ ያህል ሣሉ፤ አትጨምሩ።

አንጸባራቂ ሰደርያ ካለ ብርማው ጥብጣብ አብዛኛውን ጊዜ 5 ሴ.ሜ ስፋት አለው። በቀን ብርሃን የሚታየው ግራጫ ሆኖ ነው፤ ነጭ አድርጋችሁ አትተዉት። ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ በሚታጠፍበት ቦታም ግራጫው ይረግፋል።

ደረጃ 9፦ ጥገናውን በክብር ሣሉ

የተጣፈ ቦታ ሁለት ነገር ይናገራል፦ ልብሱ እንደሚያስፈልግና አዲስ መግዛት ቀላል እንዳልሆነ። ስለዚህ በቸልታ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ አትለፉት። በማጉያ መነጽር ተመልከቱ። መጣፊያው ከላይ ነው ወይስ ከውስጥ? ክሩ ከጨርቁ ጋር ይመሳሰላል? ጥልፉ የስፌት መኪና ነው ወይስ የእጅ? የመኪና ጥልፍ እኩል ነው፤ የእጅ ጥልፍ ርዝመቱ ይለዋወጣል፣ ጥግ ላይ ይጠጋጋል።

መጣፊያው ከዙሪያው ጨርቅ ብዙ ጊዜ የጠነከረ ስለሆነ ጥጎቹ ላይ የቀደመው ጨርቅ ይሳባል፤ ከእያንዳንዱ ጥግ የሚወጡ ሁለት ሦስት አጫጭር ጭምድዶች ጨምሩ። መጣፊያው ራሱ እንደገና ነትቦ እንደሆነም እዩ። ሁለተኛ ጊዜ የተጣፈ ጉልበት ከብዙ እድፍ ይልቅ የዓመታት ሥራን ያሳያል።

የማይመሳሰሉ ቁልፎች፣ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ዚፕ፣ በምስማር የተጨመረ የቀበቶ ቀዳዳ፣ አጥሮ የተሰፋ እግር ላይ የቀረ የድሮ እጥፋት መስመር፣ እነዚህን አንድ በአንድ አስገቡ። የቀበቶው ቆዳ ላይ ቁልፉ ለረጅም ጊዜ ያረፈበት ቦታ ጠልቆ ይታያል፤ አሁን የሚገባበት ቀዳዳ ሌላ ከሆነ ለባሹ ከስቷል፣ ወፍሯል፣ ወይም ቀበቶው የሌላ ሰው ነበር። ከእነዚህ የቱ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትወስኑ።

ደረጃ 10፦ ጫማና ጓንት

ከልብሱ ጋር ከተሣሉ አጠር ያለ ሥራ ይበቃቸዋል። ሴፍቲ ጫማ አፍንጫው ውስጥ ብረት ስላለው አይታጠፍም፤ እጥፋቱ ከብረቱ ቀጥሎ ይጀምራል። ቆዳው ተልጦ ብረቱ ብቅ ካለ ብረቱን በጥርት ያለ ብሩህ ነጥብ አሳዩ። የተበጠሰና የተቋጠረ የጫማ ክር ካለ ቋጠሮውን አትዝለሉ። ጓንት ላይ መንተቡ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሃል ይጀምራል፤ አካፋ ለሚይዝ ግን መዳፉ ላይ ነው።

ደረጃ 11፦ አረጋግጡ

የሥዕሉን ግማሽ በወረቀት ሸፍኑ። የለባሹ ቀኝና ግራ ተመሳሳይ ከሆኑ ወደ ማስታወሻችሁ ተመለሱ። ከዚያ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው አሳዩትና «ይህ ሰው ምን ይሠራል?» ብላችሁ ብቻ ጠይቁ። ሙያውን ከተናገረ ሥዕሉ ሠርቷል፤ «ድሃ ነው» ወይም «ቆሻሻ ነው» ካለ ግን እድፉ ከመንተቡና ከጥገናው በልጦ ወጥቷል ማለት ነው። ከእድፉ ሲሶውን በሚለወሰው ላጲስ አቅልሉ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

*ሁሉንም ማደብዘዝ።* ጥላውን በጣት ማሸት ጂንስ፣ ሸራና ቆዳ አንድ ዓይነት ጭጋግ ያደርጋቸዋል፤ የጣት ወዝም ወረቀቱ ላይ ላጲስ የማያነሳው ምልክት ይተዋል። ዘይት እድፍ ላይ ብቻ፣ ያውም በተጠቀለለ ወረቀት ጫፍ አሹ።

*ቀዳዳ ማብዛት።* ሠራተኛ የተቀደደ ልብስ ለብሶ አይቀርም፤ መሣሪያና ማሽን ስለሚይዘው ይጠግነዋል ወይም ይቆርጠዋል። ልብሱ ላይ ከሌለ ቀዳዳ አትጨምሩ።

*ጥላን ከእድፍ ጋር ማምታታት።* መብራቱን ወደ ሌላ ጎን አዙሩት፤ ቦታው ከተለወጠ ጥላ ነው፣ ካልተለወጠ እድፍ ነው። ምርመራው ሲያበቃ መብራቱን ወደ ቦታው መልሱ።

*ኪስ ጠፍጣፋ ማድረግ።* መሣሪያ ሲይዝ የኖረ ኪስ ባዶም ሆኖ ቅርጹን ይዞ ይቀራል፤ አፉ ይከፈታል፣ ታችኛው ጥጉ ያብጣል። ጠፍጣፋ ኪስ የሥራ ልብስ ላይ አያሳምንም።

*ቶሎ 6ቢ ማንሳት።* 6ቢ ቀድሞ ከገባ ከእሱ የበለጠ የሚጠቁር ነገር ስለማይኖር የኪስ አፍና የቀዳዳ ጥልቀት ይጠፋል። ከደረጃ 7 በፊት ከ2ቢ አትለፉ።

*ማጽኛ ስፕሬይ (የእርሳሱ ሥዕል እንዳይለቅ የሚረጭበት) በቅርብ መርጨት።* ከ30 ሴ.ሜ ካነሰ ወረቀቱ ይረጥብና በላጲስ የተከፈቱት ቀጫጭን ነጭ ክሮች ይጠፋሉ። ውጭ ወይም መስኮት ተከፍቶ፣ ከ30 እስከ 40 ሴ.ሜ ርቀት፣ ሁለት ጊዜ ቀለል አድርጋችሁ ርጩ፤ በመሃሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። ከረጫችሁ በኋላ ላጲስ በደንብ ስለማይሠራ ደረጃ 11 ሳያልቅ አትርጩ።